ልብ ውስጥ ዕጢ ተገኘ፤ በመድኃኒት አይሟሟም?

ጥያቄ፦ እህቴ 42 ዓመቷ ነው። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ሁለት ጊዜም ራሷን ስታ ወድቃለች። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ስትነሣ በግራው የላይኛው የልብ ክፍል 4 ሳንቲ ሜትር የሚሆን «ሚክሶማ» ተገኘባት። ካንሰር አይደለም፣ ግን ቶሎ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ተባልን። ካንሰር ካልሆነ ምን ያስቸኩላል? በመድኃኒት አይሟሟም?

መልስ፦ ሚክሶማን የሚያሟሟ መድኃኒት የለም። ችግሩ ያለበት ቦታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን የላይኛ የልብ ክፍሎች ከሚለየው ግድግዳ ላይ እንደ ፍሬ በቀጭን አንገት ተንጠልጥሎ ያድጋል፤ ልብ በመታ ቁጥር ይወዛወዛል። በግራው የላይኛና የታችኛ የልብ ክፍሎች መካከል ያለውን በር፣ ሚትራል ቫልቭን፣ ሲያጠብበው ደም ሳንባ ላይ ይጠራቀማል፣ ትንፋሽም ያጥራል። ለአፍታ ሲደፍነው ደግሞ አንጎል ደም ያጣና ሰው ይወድቃል። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ዕጢው ልል በመሆኑ መቆራረሱ ነው፤ ቁራጩ አንጎል ከደረሰ ስትሮክ ያመጣል። ስለዚህ ቀጠሮውን አታራዝሙ። እስከዚያው ፊቷ ከተጣመመ፣ እጇ ከዛለ ወይም አንደበቷ ከተሳሰረ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

በአገራችን የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የሆነው የቫልቭ ጥበት ብዙ ስለሆነ፣ በማዳመጫ ብቻ ሁለቱ ይምታታሉ። ሕመሙ በአተኛኘት ወይም በአቀማመጥ የሚለዋወጥ ከሆነ ሚክሶማ ይጠረጠራል፤ የሚለያቸው ግን ኢኮ ነው። የረጋ ደምም ዕጢ ሊመስል ይችላል። እሱ በዋነኛነት የሚታከመው ደም በሚያቀጥን መድኃኒት ስለሆነ፣ ዕጢው አንገት እንዳለውና ከየት እንደተያያዘ ሐኪሙን ጠይቁ። ምስሉ ካልጠራ በጉሮሮ በኩል የሚገባ ኢኮ ወይም ኤምአርአይ ይታዘዛል።

ቀዶ ሕክምናው አዲስ ነገር አይደለም፤ ስዊድናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ክላረንስ ክራፎርድ ስቶክሆልም ውስጥ በ1954 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተሳካ ሁኔታ ሠርተውታል። የደረት አጥንት ይከፈታል፣ የልብንና የሳንባን ሥራ ማሽን ይረከባል። ዕጢው እንዳይቆራረስ ልብ እስኪቆም ድረስ ብዙ አይነካካም። ከዚያ ከነአንገቱ፣ ከበቀለበት ግድግዳም ጥቂት ተጨምሮ ይወጣል፤ ሥሩ ከቀረ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። ክፍተቱ ብዙ ጊዜ ከራሷ የልብ ሽፋን በተወሰደ ቁራጭ ይጠገናል፣ ዕጢውም ለምርመራ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።

ችግር ካልገጠማት ሆስፒታል የምትቆየው አንድ ሳምንት ገደማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የልብ ምት መዛባት የተለመደ ስለሆነ አትደንግጡ። አጥንቱ እስኪጠግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት እንስራም ሆነ ልጅ አታንሣ። ከዚያም በየጊዜው ኢኮ ትታያለች።

ከቤተሰቡ ሌላ ሰው ይህ ዕጢ ከነበረበት ወይም እህትዎ ከንፈሯና ፊቷ ላይ ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ ካላት ለሐኪሙ ይንገሩ። በዘር የሚወረሰው ዓይነት ሊሆን ስለሚችል እርስዎም ኢኮ መታየት ይኖርብዎታል።