ለቪጋን ባልደረባ የፋሲካ ቅርጫት
አሜሪካ ውስጥ ቪጋን ለሆነች (ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር ለማትበላ) የሥራ ባልደረባሽ በምትሰጫት የፋሲካ የስጦታ ቅርጫት ውስጥ እንቁላሉንና የወተት ቸኮሌቱን በምን ልተካው ላልሽው፦ በጾም ምግባችን ተኪው።

1. ከታች የተቆላ ቡናና በጠርሙስ ሽሮ። ሽሮው ላይ አሠራሩን ጽፈሽ ለጥፊበት፤ አለዚያ ዱቄቱን ምን እንደምታደርገው ግራ ይገባታል።
2. መሃል ላይ በዘይት የታሸ ዳቦ ቆሎ፣ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ከሱፍ ጋር።
3. ከላይ ጥቁር ቸኮሌትና አበባ።

ቅርጫቱ የስፌት ሙዳይ ቢሆን ደግሞ እንዴት ያምራል!

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። የጾም ሁሉ ቪጋን አይደለም። እኔ አንዴ ማር ጨምሬ ሰጠሁ። ልጅቷ ማር እንደማትበላ የነገረችኝ ከተቀበለችኝ በኋላ ነው፤ በጣም አዘንኩ። አንዳንድ ጥቁር ቸኮሌትም ወተት አለበት፣ ጀርባውን አንብቢ። ዳቦ ቆሎውን የምትገዢ ከሆነ ቅቤ እንደሌለበት ጠይቂ።