እናቴ ስታርፍ ብስክሌት ላይ ነበርሁ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ዕድሜዬ 51 ነው፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የስኳር ሕመም ስላለብኝ በሐኪም ምክር ላለፉት ስድስት ዓመታት በሳምንት አራት ቀን ማለዳ ብስክሌት እነዳለሁ። እናቴ ከአልጋ መነሣት ከተሳናት አራት ዓመት ሆኗት ነበር፤ የምንጦራት እኔና ባለቤቴ ነበርን። በ86 ዓመቷ ስታርፍ ባለቤቴ አጠገቧ ነበረች፤ እኔ ግን ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበርሁ፤ ስመለስ ጎረቤት ግቢውን ሞልቶት ደረስሁ። ፍትሐቱ ደርሷል፣ ለአርባዋም እየተዘጋጀን ነው። ከዐሥራ ሁለቷ በኋላ መንዳት ስጀምር የእናቴ ታናሽ እኅት፣ አክስቴ፣ «አፈሯ ሳይደርቅ ሳይክል ትጋልባለህ? ነፍሷ እስከ አርባ ቀን ታይሃለች፣ ታዝንብሃለች» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልነዳሁም፤ ስኳሬም ከፍ ብሏል። ለቅሶ ደራሽ ሲበዛ ይጨንቀኛል፤ ትንሽ የምረሳው ብስክሌቱ ላይ ስሆን ብቻ ነበር። ኃጢአት ሠርቻለሁን? እስከ አርባዋስ ልተወው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ የእናትዎንም ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። መልሱን ላቆይብዎት አልፈልግም፤ ብስክሌት መንዳትዎ ኃጢአት አልነበረም፤ እስከ አርባው ይተዉት የሚል ሥርዓትም ቤተ ክርስቲያን የላትም። እንዲያውም የምነቅፈው ለጤናዎ የተመከሩትን ማቋረጥዎን ነው።

በለቅሶ ቤት ስመላለስ ከሁሉ አብዝቶ የገጠመኝ ስሕተት ይህ ነው፤ ኀዘንተኛው ራሱን በጎዳው መጠን ሟቹን ያከበረ ይመስለዋል። «እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ለራሴ ላስብ?» ብለው የደም ግፊት መድኃኒታቸውን የተዉ እናቶችን አውቃለሁ፤ ባዶ መሬት ላይ እየተኛ ታሞ፣ የአባቱን የሰማንያ ቀን መታሰቢያ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ያሳለፈ ጎልማሳም አውቃለሁ። እነዚህ ሰዎች ፍቅር አልጎደላቸውም፤ ፍቅራቸውን የሚያደርሱበት መንገድ ጠፋባቸው እንጂ። ለሟች የምናቀርበው ጸሎት፣ ቁርባንና ምጽዋት እያለልን ሥጋችንን እንደ መያዣ ይዘን እንቀርባለን፤ ይህን መያዣ የሚቀበለን ግን የለም።

ዛሬ ማታ መጽሐፈ ሲራክን፣ ምዕራፍ 38ን ይክፈቱት። ብዙዎቻችን ስለ ለቅሶ የሚናገረውን ክፍል ብቻ ነጥለን እናነባለን፤ የምዕራፉ መጀመሪያ ግን ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑን፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ከተናገረ በኋላ ነው ወደ ሟቹ የሚሻገረው። እዚያም እንባህን አፍስስ፣ መሪር ለቅሶ አልቅስ፣ እንደሚገባው አድርገህ እዘንለት ይልና፣ ከኀዘን ሞት እንደሚመጣ አስጠንቅቆ፣ እርሱን አትጠቅመውም፣ ራስህን ግን ትጎዳለህ ይለናል። ሐኪሙና ለቅሶው በአንድ ምዕራፍ መገናኘታቸው ለእኔ እንዲያው የሆነ አይመስለኝም፤ እርስዎንም ሁለቱም ትእዛዛት ይመለከቱዎታል።

«ነፍሷ ታዝንብሃለች» ስለ መባሉ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በዚያው ብስክሌት ወደ ሥራ ወይም ወደ ገበያ ሄደው ቢሆን ኖሮ በባሕር ዳር ማን ዞር ብሎ ያይዎት ነበር? ሠራተኛውም ተማሪውም በብስክሌት በሚመላለስበት ከተማ ያስነቀፈዎት መንዳትዎ ሳይሆን፣ ያለ ጉዳይ መንዳትዎ በሰው ዓይን ደስታ መምሰሉ ነው። ይህ የይሉኝታ ነገር ነው። ይሉኝታ በቦታው መልካም ነው፤ በሟች ነፍስ ስም መናገር ሲጀምር ግን ወደ ቦታው ሊመለስ ይገባዋል። እናትዎ በሥጋ ሳሉ ስኳርዎን ሲጠብቁ ቢያዩ ደስ ይላቸው ከነበረ፣ ከሥጋ ሲለዩ ልባቸው የሚለወጥበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደብዳቤዎ የሚጠይቀው ስለ አርባው ነው፤ ያደከመዎት ግን «ስታርፍ አልነበርሁም» የሚለው ይመስለኛል። ያዕቆብ ወደ ግብጽ ሲወርድ እግዚአብሔር «ዮሴፍም እጁን በዓይንህ ላይ ያኖራል» አለው (ዘፍ. 46፥4)። የወላጅን ዓይን መክደን እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ስለሆነ በተስፋ ቃል ተሰጠ፤ ስጦታ ያልደረሰው ሰው ግን በደለኛ አይባልም። ከያዕቆብ 12 ወንዶች ልጆች እንኳ ይህ የተነገረው ለአንዱ ነው።

የራሴን ልንገርዎት። አባቴ ባረፈበት ሌሊት እኔ ማሕሌት ቆሜ ነበር። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ «መታደል ነው፣ በእግዚአብሔር ፊት ቆመህ ሳለህ» ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን እጁን አልያዝሁም፤ ውኃ ሲጠማው ያቀበለችው ታናሽ እኅቴ ናት። እኔም አልነበርሁም፣ እርስዎም አልነበሩም። እኔን የቆምሁበት ቦታ ስላስመሰገነኝ፣ እርስዎን የነበሩበት መንገድ ስላስነቀፈዎት፣ የሁለታችን መቅረት የተለያየ አይሆንም። እግዚአብሔር ያንን አንድ ማለዳ አይቶ፣ ከአልጋ ያገላበጡባቸውንና ያጎረሱባቸውን አራት ዓመታት አይረሳም።

ይህን ስል ግን ሁሉን አላጸድቅልዎትም። «የምረሳው ብስክሌቱ ላይ ስሆን ብቻ ነበር» ያሉት አሳስቦኛል፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ሥጋን ለማበርታት መንዳት አንድ ነገር ነው፣ ለቅሶ ደራሽ የሚመጣበትን ሰዓት አስልቶ ከቤት መውጣት ሌላ ነው። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ እንባውን አፈሰሰ (ዮሐ. 11፥35)፤ ሐዋርያውም ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ አለ እንጂ ከነጭራሹ አትዘኑ አላለም (1ኛ ተሰ. 4፥13)። ስለዚህ ማለዳ ሲወጡ በመንገድዎ ባለው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይውረዱ፤ ተሳልመው በእናትዎ የክርስትና ስም «ነፍሳቸውን ማርልኝ» ይበሉ፤ ከዚያ ይንዱ። መንገድ ላይ እንባ ቢመጣብዎት ዳር ይዘው ይቁሙና ያልቅሱ፤ ብስክሌቱ የትም አይሄድም። ሰው በሚመጣበት ሰዓት ቤትዎ ይገኙ፤ ቢጨንቅዎትም ይቀመጡ፣ መናገር አይጠበቅብዎትም። እሑድና በበዓል ቀን ቅዳሴው ይቅደም። ከጓደኞች ጋር መፎካከሩንና በሳቅ በጨዋታ መጓዙን ግን እስከ አርባው ቢያቆዩት እመርጣለሁ፤ ይህን የምለው ሕግ ስለሆነ ሳይሆን፣ በቤትዎ አብረዎት ለሚያዝኑት ብዬ ነው።

አክስትዎ ዘንድ ይሂዱ፤ ይህን መልስ ግን አያንብቡላቸው። እኅታቸውን የቀበሩ ሴት ናቸው፤ ያስቆጣቸውም ምናልባት ሳይክሉ ሳይሆን፣ ያለ እኅታቸው ኑሮ እንደ ቀድሞው ሲቀጥል ማየታቸው ይሆናል። ቡና ሲያፈሉ አጠገባቸው ይቀመጡና ስለ እናትዎ ልጅነት ይጠይቋቸው፤ እርስዎ የማያውቁትን ብዙ ነገር እርሳቸው ያውቃሉ። የዚያን ቀን በእግርዎ ቢሄዱ ይሻላል።