ከፋርማሲ ዲግሪ ወደ ድባቴ መድኃኒት ምርምር

ውድ ጠያቂያችን፣ የፋርማሲ 5ኛ ዓመት ተማሪ መሆንሽንና በአንጎል ሪሴፕተሮች (መድኃኒት በሚይዛቸው የሴል ተቀባዮች) ላይ የሚሠሩ አዳዲስ የድባቴ መድኃኒቶች ምርምር ውስጥ መግባት እንደምትፈልጊ ነግረሽናል። ጥያቄሽ «ለማስተርስ ኬሚስትሪ ልያዝ ወይስ ፋርማኮሎጂ?» የሚል ነው።

ፋርማኮሎጂ፣ ማለትም መድኃኒት በሰውነት ላይ እንዴት እንደሚሠራ የሚያጠናውን ትምህርት፣ ያዢ። በዚህ ዘርፍ ትልቁ ችግር የሞለኪውል እጥረት አይደለም፤ ሪሴፕተሩን መያዝና በሽተኛውን ማዳን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። አፕሬፒታንት የተባለውን መድኃኒት ተመልከቺ። ኤንኬ-1 የተባለውን ሪሴፕተር ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ጥናት ለድባቴ ትልቅ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በትላልቆቹ ሙከራዎች ግን፣ ሪሴፕተሩን በሚገባ ይዞት እያለ፣ ከፕላሴቦ (መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ) አልተሻለም። ዛሬ የሚታዘዘው ለኬሞቴራፒ ማቅለሽለሽ ነው። በኤንኤምዲኤ ሪሴፕተር ላይም እንዲሁ፦ በ2019 ኤስኬታሚን የተባለው መድኃኒት ለድባቴ በአሜሪካ ሲጸድቅ፣ ራፓስቲኔል የተባለው ሌላው በዚያው ዓመት በምዕራፍ 3 (በትላልቆቹ የሰው ሙከራዎች) ወደቀ።

ስለዚህ መለካትን ተማሪ። የባይንዲንግ ሙከራን፣ ማለትም ውሕድ ሪሴፕተሩን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚለካውን፣ እስከ ሒሳቡ እወቂው። ራዲዮአክቲቭ ሊጋንድ (ሪሴፕተሩን የሚይዝ፣ በጨረሩ የሚቆጠር ሞለኪውል) 1 ናኖሞላር አስገባሽ እንበል፤ የሊጋንዱ ኬ-ዲ (የሪሴፕተሮቹን ግማሽ የሚይዝበት መጠን) 1 ናኖሞላር ነው፤ ያንቺ ውሕድ ሊጋንዱን በግማሽ ያስለቀቀው በ20 ናኖሞላር ነው። 20 ለ(1+1/1) ሲካፈል ኬ-አይ (ያንቺ ውሕድ የመያዝ አቅም፤ ሲያንስ ጠንካራ ነው) 10 ናኖሞላር ይወጣል። ነገር ግን ካስገባሽው ሊጋንድ ከ10 በመቶ በላዩ ከተያዘ ነጻ የቀረው ካሰብሽው ያነሰ ስለሚሆን ቁጥሩ ያሳስትሻል፤ የሜምብሬኑን (ሪሴፕተሩ ያለበትን የሴል ሽፋን) መጠን ቀንሺ። ቀስ ብሎ የሚይዝ ውሕድም ሳይረጋ ከተለካ ከአቅሙ በታች ደካማ መስሎ ይታያል። ደግሞም ባይንዲንግ ብቻውን ውሕዱ ሪሴፕተሩን ያንቃው ወይም ይዝጋው አይነግርሽም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፦ የክብደት መቀነሻው ፌንፍሉራሚን በ1997 ከገበያ የወጣው የልብ ቫልቭ በመጉዳቱ ነው፤ ጉዳቱም የመጣው 5-ኤችቲ2ቢ የተባለውን የሴሮቶኒን ሪሴፕተር ከማንቃት ነው።

አገር ቤት ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚቀርብሽ የአይጥ የዋና ሙከራ ይሆናል። 6 ደቂቃ ይዋኛሉ፤ አይጧ ሳትንቀሳቀስ የተንሳፈፈችበት ጊዜ የሚቆጠረው በመጨረሻዎቹ 4 ደቂቃዎች ነው፤ ይህ ጊዜ ካጠረ ውሕዱ እንደ ድባቴ መድኃኒት እንደሠራ ይወሰዳል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል፦ አይጧን የሚያቅበጠብጥ ማንኛውም አነቃቂ ነገር የድባቴ መድኃኒት መስሎ ይታያል። በዚያው መጠን የተሰጣቸውን ሌሎች አይጦች እንቅስቃሴ በሜዳ ሳጥን (እንደልባቸው በሚንቀሳቀሱበት ክፍት ሳጥን) ለይተሽ ካልለካሽ ውጤትሽ አያስተማምንም። ቆጣሪውም የትኛዋ አይጥ ምን እንደተሰጣት ማወቅ የለበትም።

በሰው ላይ መሥራት ካማረሽ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን ሲዲቲ-አፍሪካን ጠይቂ፤ ሥራው መድኃኒት ማበልጸግና ክሊኒካዊ ሙከራ ነው። እስከዚያው ማድርስ (MADRS) የተባለውን የድባቴ ክብደት መለኪያ አጥኚ፦ 10 ጥያቄ፣ ከ0 እስከ 60 ነጥብ። መዝጋቢው፣ በሽተኛን ወደ ሙከራው ለማስገባት ሲል፣ መነሻ ነጥቡን ከፍ ካደረገው በኋላ ሁሉም የተሻለው ይመስላል፤ የፕላሴቦው ቡድንም ጭምር።

ለውጭ ፒኤችዲ ስትጽፊ የትኛውን ሪሴፕተር፣ በየትኛው ሙከራ ማጥናት እንደምትፈልጊ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስፍሪ፤ ከመመረቂያ ጽሑፍሽም የንጽጽር ቡድኖቹ ያሉበትን ሰንጠረዥ አያይዢ።