መሃሉን የማይስት ጆይስቲክ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጄ ፓይለት መሆን ትመኛለች፤ ማታ ማታ ላፕቶፕ ላይ በኪቦርድ አውሮፕላን ታበራለች። ጆይስቲክ ልገዛላት ብዬ ሁለት ያገለገሉ አገኘሁ፦ ሎጂቴክ ኤክስትሪም 3ዲ ፕሮ እና ትረስትማስተር ቲ.16000ኤም። ሁለተኛው ይወደዳል፤ ሻጩ «ቁልፉ ብዙ ስለሆነ ነው» ይለኛል። ልጨምርበት?
አባት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ቁልፉን ይተዉት። የመጀመሪያው 12፣ ሁለተኛው 16 አለው፤ ለጀማሪ 12ቱም ይተርፋታል። መታየት ያለበት እጀታው ሲለቀቅ ወደ መሃል አመላለሱ ነው። ለማረፍ ሲቃረቡ እጅ የሚንቀሳቀሰው በሚሊሜትር ስለሆነ፣ ሥራው ሁሉ እዚያች መሃል ላይ ነው።

ይህን የማውቀው ደርሶብኝ ነው። የመጀመሪያ ጆይስቲኬን ያገለገለ፣ ሳልሞክር ገዛሁ። ቦሌ ለማረፍ ስወርድ አፍንጫው ወደ ግራ ይሸሻል። ነፋስ መስሎኝ ሲሙሌተሩ ላይ ነፋሱን ዜሮ አደረግሁት፤ ያው ነው። ሳምንታት የገዛ እጄን ስወቅስ ከረምኩ። በኋላ ዊንዶውስ ላይ የጌም መቆጣጠሪያ መሞከሪያውን መስኮት ስከፍት፣ እጄ ሳይነካው የመጠምዘዣው (እጀታው ሲጠመዘዝ አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረው) መስመር ይንቀጠቀጣል። ውስጡ ያለው ፖቴንሺዮሜትር (እንቅስቃሴውን የሚለካው ክፍል) በመፋተግ ስለሚሠራ ተበልቶ ነበር። ዴድ ዞኑን (መሃል ላይ እጀታው ቢነካም የማይሰማበትን ክልል) አስፍቼ መንቀጥቀጡን ደበቅሁት፤ ያኔ ደግሞ እጀታው መሃል ላይ ደነዘዘብኝ።

ቲ.16000ኤም ወደፊትና ወደኋላ፣ ግራና ቀኝ የሚሄደውን እንቅስቃሴ የሚለካው በማግኔት ነው። የሚፋተግ ነገር ስለሌለ መሃሉን ቶሎ አይስትም፤ ጭማሪው የሚገባው ለዚህ ነው። መጠምዘዣው ግን በማግኔት አይደለም፣ ለብቻው ይፈትሹት። ሌላም የምወድለት ነገር አለ፦ እጀታው ለግራ እጅም ይገጠማል። አየር መንገዳችን በሚያበረው ኤርባስ ኤ350 ካፒቴኑ ግራ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጀታውን የሚይዘው በግራ እጁ ነው። ኤክስትሪሙ የተቀረጸው ለቀኝ እጅ ብቻ ነው።

ልጅዎንና ላፕቶፑን ይዘው ይሂዱ። ያንኑ መስኮት ክፈቱና ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን የመደመር ምልክት እዩ። እጀታውን በሁለት ጣት እስከ ጥግ ገፍታ፣ በዝግታ ትመልሰው፤ ከአራቱም አቅጣጫ። ምልክቷ ሁሌ እዚያው ነጥብ ላይ መቆም አለባት። የስሮትሉ (የሞተር ጉልበት ማንሻው) መስመር ሳይዘል ይውጣ። ሻጩ «ካሊብሬት ላድርገው» (መሃሉን እንደገና ላስተካክለው) ካለ፣ መጀመሪያ እንዳለ እንየው በሉት።

ከዚያ ሲሙሌተሩ ላይ በትንሿ የሥልጠና አውሮፕላን፣ በሴስና 172፣ ከቦሌ ትነሳ። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሴስናዋ ብዙ ትሮጣለች። ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሲሰጥ አፍንጫዋ ወደ ግራ ይስባል፤ ልጅዎ እጀታውን በጥቂቱ ወደ ቀኝ ጠምዝዛ መስመሩ ላይ ማቆየት ትችል እንደሆነ እዩ። መጠምዘዣው የታመመ ከሆነ እዚህ ላይ ይጋለጣል። ላፕቶፑ አቅም ካነሰው ፍላይትጊር የሚባለው ሲሙሌተር በነፃ ይገኛል፤ ቀድማ ትጫነው።

ሁለቱም ካለፉ ውዱን ይግዙላት። ውዱ ከወደቀና ርካሹ ካለፈ ግን ሳያመነቱ ርካሹን ይውሰዱ፤ የእግር ፔዳል ለአሁኑ ይቆይ። ከእጀታው ሥር የሚነጠፍ ቁራጭ ጎማ ብቻ አይርሱ፣ ጠረጴዛው ላይ ይንሸራተታል።