ኢተርናል፣ ኤቨርላስቲንግ፣ ኢሞርታል፦ ልጆቹን የቱን ልበላቸው?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው አሜሪካ ነው፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አስተምራለሁ፣ የራሴም ልጅ እዛው ክፍል ነው። «ዘላለም» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሳስረዳ አንዴ ኢተርናል አንዴ ኤቨርላስቲንግ አንዴ ኢሞርታል እላለሁ፣ ልዩነታቸው ግን ለራሴም አይገባኝም። ባለፈው አንዱ ልጅ «ነፍስም መላእክትም ኢሞርታል ከሆኑ ከእግዚአብሔር በምን ይለያሉ?» አለኝ። አንዷ ደግሞ «ፎርኤቨር መዘመር አይሰለችም?» ስትል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ስለ ዘላለም ሕይወት ብዙ አስቤ አላውቅም፣ ሳረጅ ከቁርባኑ ጋር አስብበታለሁ ብዬ ነው የተውኩት። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እህቴ እግዚአብሔር ልጆቹን ይባርክልሽ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከትልልቆቹ አይመጣም፣ ትልልቆቹ የሚጠይቁኝ በጾም ዓሣ ይበላል ወይ ነው።

ቃላቱን ቶሎ ልጨርሳቸው። ኢተርናል መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው፣ ኤቨርላስቲንግ ደግሞ መጀመሪያ ኖሮት መጨረሻ የሌለው ነው ብለው የሚያስተምሩ አሉ፣ ለማስረዳት ይጠቅማል ግን መጽሐፍ ቅዱሱን ስትከፍቺ አይሰራልሽም። በ1611 የታተመውን የኪንግ ጀምስ ትርጉም ማቴዎስ 25፥46 ላይ እይው፣ ቅጣቱን ኤቨርላስቲንግ ሕይወቱን ኢተርናል ይለዋል፣ በግሪኩ ግን ሁለቱም ቦታ ያለው አንድ ቃል ነው፣ የኛም መጽሐፍ «ወደ ዘላለም ቅጣት»፣ «ወደ ዘላለም ሕይወት» ብሎ ያንኑ ቃል ይደግመዋል። መዝሙር 90 ላይ (በዳዊታችን ቁጥር 89 ነው) «ከዘላለም እስከ ዘላለም ድረስ አንተ ነህ» የሚለውን ደግሞ ፍሮም ኤቨርላስቲንግ ቱ ኤቨርላስቲንግ ብለውታል፣ መጀመሪያ የሌለውን እግዚአብሔርን ማለት ነው። ስለዚ ልጆቹ ሁለቱን ቢቀላቅሉ አትቆጪያቸው።

ኢሞርታል ግን ሌላ ነው፣ እሱ የማይሞት ማለት ነው። ልጆቹ ቃሉን የለመዱት ከጌም ስለሆነ ቢመታም ቢወጋም የማይወድቅ ሰውዬ ነው በአይናቸው የሚመጣው። እኛ በየቅዳሴው «ቅዱስ ሕያው ዘኢይመውት» እንል የለ? ግሪኩም እንግሊዝኛውም «የማይሞት» በሚል አንድ ቃል ያልፉታል፣ ግዕዙ ግን አስቀድሞ «ሕያው» ይልና ነው «የማይሞት» የሚለው። እኔ እዚች ጋ ሁሌ ቆም እላለሁ፣ ምክንያቱም አለመሞት ብቻውን እኮ ትልቅ ነገር አይደለም፣ ድንጋይም አይሞትም።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «እርሱ ብቻ የማይሞት ነው» ይለዋል፣ 1ኛ ጢሞ 6፥16። «ብቻ» አለ። ታዲያ መላእክትስ? ነፍስስ ለባዊት ነባቢት ሕያዊት ናት፣ የምታስብ የምትናገር ሕያው ናት እያልን አይደል የምናስተምረው? አዎ፣ ግን የሱ የባሕርይ ነው የኛ የጸጋ ነው፣ እሱ ከማንም አልተቀበለውም እኛ ከሱ ተቀብለን ነው። ይሄን ለልጅ በምን ታስረጂዋለሽ ካልሽኝ እናንተ አገር ፖስታ ቤት «ፎርኤቨር» የሚል ቴምብር አለ አይደል፣ በ2007 በ41 ሳንቲም ነበር መሸጥ የጀመረው፣ ያኔ ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ የረሳው ሰው ዛሬ ዋጋው ስንት ጊዜ ጨምሮም እዛው አገር ውስጥ ለሚላክ ተራ ደብዳቤ ቢለጥፈው ተጨማሪ አይጠይቁትም። ወረቀቱ ወርቅ ሆኖ ነው? አይደለም፣ ያወጣው ክፍል ቃሉን ስለሚጠብቅለት ነው፣ ሰጪው ቃሉን ቢያጥፍ በማግስቱ ስቲከር ነው የሚሆነው። የኛም አለመሞት እንደዛው ከጀርባው የቆመ አለ። ሥጋችንን ሳይቀር «የሚሞተው የማይሞተውን ሊለብስ ይገባዋል» ነው የሚለው፣ 1ኛ ቆሮ 15፥53፣ ሊለብስ! ልብስ ደግሞ ከቆዳሽ አይበቅልም፣ ያለብሱሻል እንጂ።

የልጅቷ ጥያቄ ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም ትልልቆቹም ውስጥ ውስጡን የሚያስቡት ይሄንኑ ነው። ስንት ለቅሶ ቤት ድንኳን ስር ሰምቼዋለሁ፣ የዘላለም ሕይወት ሲባል ሰው ዓመት ነው የሚቆጥረው፣ መቶ ዓመት፣ ሺ ዓመት፣ ሚሊዮን፣ ዜሮ እየጨመሩ መሄድ፣ ከሞት በኋላ የሚጀምር ማለቂያ የሌለው ሰንበት ያደርጉታል። እንዲያማ ከሆነ ልጅቷ እውነቷን ነው፣ ይሰለቻል! ከዛም አልፎ ቅጣት ነው። አዳም ከበደለ በኋላ እግዚአብሔር ከሕይወት ዛፍ የከለከለው ለምን ይመስልሻል፣ «ለዘላለምም ሕያው ሆኖ እንዳይኖር» ይላል ዘፍጥረት 3፥22። ብዙ ሰው ይሄን ቁጣ ብቻ አድርጎ ያነበዋል፣ አባቶች ግን ምሕረት አዩበት፣ ከነቁስሉ ከነበደሉ እንደታመመ ለዘላለም እንዳይኖር። ርዝመትማ ሰይጣንም አለው፣ እሱም አይሞትም እኮ፣ ግን ሕይወት አለው ትያለሽ?

ጌታ ራሱ ሲተረጉመው ስለ ጊዜ አንድም ቃል አላነሳም። «እውነተኛ አምላክ ብቻ የሆንህ አንተን የላክኸውንም ኢየሱስ ክርስቶስን ያውቁ ዘንድ ይህች የዘላለም ሕይወት ናት»፣ ዮሐንስ 17፥3። ማወቅ ሲል ደግሞ ስለሱ ማወቅ አይደለም፣ አብሮ መሆን ነው። ለልጅቷ እንዲህ በያት፣ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ከጓደኞችሽ ጋር ስትሯሯጪ እናትሽ «በቃ እንሂድ» ስትልሽ ምን ትያታለሽ? «አምስት ደቂቃ ብቻ!» ነው የምትለው፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚሉት፣ ያቺ አምስት ደቂቃ አልቃ ሌላ አምስት ይለምናሉ። መዝሙሩ የሚሰለቸው የሚዘመርለትን ለማያውቀው ነው።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ፣ ቅር አይበልሽ። «ሳረጅ» ያልሽው ቃል ከልጆቹ ጥያቄ ሁሉ በላይ አሳስቦኛል፣ ያንቺ ብቻም አይደለም ስንት ጎበዝ አገልጋይ ይሄንኑ ሲለኝ ኖሯል። ልጅሽን እሁድ ጠዋት አልብሰሽ ታመጪዋለሽ፣ ሰልፉ ላይ አብረሽው ትቆሚያለሽ፣ ሲቆርብ አፉን በነጠላሽ ትሸፍኚለታለሽ፣ ከዛ አንቺ ዞረሽ ትመለሻለሽ፣ እሱም ያይሻል። ዮሐንስ 6፥54ን አንዴ ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ የዘላለም ሕይወት አለው»። ይኖረዋል አላለም፣ አለው ነው ያለው፣ ስለ ትንሣኤው ሲናገር ነው «አስነሣዋለሁ» ብሎ ወደፊት የሚያወራው። ታዲያ ዛሬ ላለ ነገር ሽበት መጠበቅ ምን የሚሉት ነው? ደግሞ ማርጀትሽን በምን አወቅሽ።

ዝም ብለሽ ተነስተሽ ቁረቢ እያልኩሽ አይደለም፣ የሚያስቸግርሽ ነገር ካለ፣ ትዳርም ይሁን የተጣላሽው ሰውም ይሁን፣ እሱ ለኔ በጽሑፍ የሚነገር አይደለም፣ የንስሐ አባትሽ ናቸው የሚያዩት። ራቅ ያሉም ቢሆን በዚ ሳምንት ደውይላቸው፣ ከአርብ አታሳልፊው። ልጁም ስለ ቴምብሩ ምን እንዳለ ጻፊልኝ።