«አላውቅም» የሚል ሲስተም ሥሩ

ይህን የምጽፈው ኮድ ለምትጽፉ፣ ኔትወርክ ለምትዘረጉና ዳታ ለምትተነትኑ ወጣቶች ነው። አብዛኞቻችሁ ከፖሊስ፣ ከፍርድ ቤት ወይም ከአምቡላንስ ጋር እሠራለሁ ብላችሁ ትምህርት አልጀመራችሁም። ሥራው ግን ራሱ ይመጣባችኋል። የሠራችሁት አፕ ሰው የት እንደዋለ ይመዘግባል፤ አንድ ቀን ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ይፈልገዋል። የዘረጋችሁት መስመር የእሳት አደጋ ጥሪ ያሳልፋል። እኔ በሁለቱ ሰፈሮች መሃል ስመላለስ ነው የሸበትኩት። በአንዱ ሰፈር «ሲስተሙ ሠራ ወይ?» ይባላል። በሌላው «ሰውየው ተረፈ ወይ?» ወይም «እውነት እሱ ነው ወይ?» ይባላል።

ምክሬ ብዙ አይደለም። የምትሠሩት ነገር የማያውቀውን «አላውቅም» ማለት ይቻለው። እናንተም እንደዚያው። አፉን ሞልቶ ከሚሳሳት ማሽን ጭራሽ ዝም ያለ ማሽን ይሻላል። (የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአደጋ ጥሪው ልጀምር። ጥሪ ተቀባይዋ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስክሪኖች ፊት ተቀምጣለች። ደዋዩ ያንሾካሽካል። የት እንዳለ በደንብ አያውቅም፤ ቢያውቅም ጮክ ብሎ መናገር ፈርቷል። ካርታው ላይ አንድ ክብ ይወጣል። ክቡ ትንሽ ከሆነ አንድ ግቢ ነው። ትልቅ ከሆነ ሰፈር ሙሉ ነው። የታወቀው ስልኩ የተገናኘበት ማማ ብቻ ከሆነ፣ ስህተቱ ከተማ ውስጥ በመቶዎች ሜትር፣ ገጠር ውስጥ ደግሞ በኪሎ ሜትር ሊቆጠር ይችላል። አምቡላንሱ የሚፈልገው ግን አንድ በር ነው።

ይህን ችግር ያቃለለው ኤኤምኤል (አድቫንስድ ሞባይል ሎኬሽን) የሚባለው አሠራር ነው። በ2014 እንግሊዝ ውስጥ የስልክ ኩባንያዎቹ ቢቲና ኢኢ ከስልክ አምራቹ ኤችቲሲ ጋር አብረው ጀመሩት። በ2016 አንድሮይድ፣ በ2018 አይፎን ገቡበት። ሰው የአደጋ ቁጥር ሲደውል ስልኩ ራሱ ጂፒኤሱንና ዋይፋዩን ቀስቅሶ ያለበትን ቦታ ይለካል፤ ከዚያ ለጥሪ ማዕከሉ ይልካል። ደዋዩ ምንም የሚነካው ነገር የለም። ሰው ሁሉ ስለ ፍጥነቱ ያወራል። እኔ የምወደው የመልእክቱን ይዘት ነው። በአንዲት አጭር የጽሑፍ መልእክት ውስጥ፣ ቦታ በተጣበበበት፣ ከኬክሮስና ከኬንትሮሱ ጎን የክቡ ራዲየስ በሜትር ተጽፏል። ቦታው የተለካበት ሰዓት አለ። በምን እንደተለካም ይናገራል፤ በሳተላይት፣ በዋይፋይ ወይስ በማማ። በመጨረሻም «ይህን ያህል እርግጠኛ ነኝ» የሚል በመቶኛ የተቀመጠ ቁጥር አለ። ያንን መልእክት የነደፉ ሰዎች ምን እንደሚሠሩ ገብቷቸዋል።

ታዲያ ምን ይሆናል መሰላችሁ? ስክሪኑን የሚሠራ ልጅ ይመጣና ክቡ አያምርም ብሎ ያጠፋዋል። በቦታው ቆንጆ ቀይ ምልክት ይተክላል። አሁን ካርታው «እዚህ ጋ ነው» እያለ ነው። መልእክቱ ግን እንደዚያ አላለም! የ20 ሜትር ክብና የ2,000 ሜትር ክብ አንድ ዓይነት ቀይ ምልክት ሆኑ። ዲዛይን ላይ ያላችሁ ልጆች፣ አደራ፣ ክቡን አትንኩት።

«አላውቅም» የማይል ሲስተም ምን እንደሚያመጣ ደግሞ በለንደን አምቡላንስ ታይቷል። ጥቅምት 26 ቀን 1992 አዲስ የኮምፒውተር ስምሪት ሥራ ጀመረ። ሲስተሙ እያንዳንዱ መኪና የት እንዳለና ሥራ ላይ መሆን አለመሆኑን ልቅም አድርጎ ማወቅ ነበረበት። በወረቀት ላይ ያምራል። መንገድ ላይ ግን ሬዲዮ ይቆራረጣል፣ ሾፌር ቁልፍ መጫን ይረሳል፣ ሠራተኞች መኪና ይለዋወጣሉ። የተሳሳተው መረጃ እየተጠራቀመ ሄደ። ለአንድ ሕመምተኛ ሁለት መኪና ተላከ፤ ሌላው ጋ ማንም አልደረሰም። የማስጠንቀቂያ መልእክቱ ከመብዛቱ የተነሳ አስፈላጊው ከስክሪኑ ላይ እየተገፋ ወጣ። አምቡላንስ የዘገየበት ሰው ደግሞ መልሶ ይደውላል፤ ጥሪው በጥሪ ላይ ተደራረበ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ኅዳር 4፣ ሲስተሙ ጭራሽ ቆመ። ምክንያቱ ማኅደረ ትውስታን ተጠቅሞ የማይለቅ ትንሽ የኮድ ቁራጭ ነበር። ወደ ወረቀት ተመለሱ።

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል እንደሚባለው ነው። ስለዚህ ኮዱን ከመጀመራችሁ በፊት ጥሪ ማዕከሉ ሂዱና አንድ ሌሊት እደሩ። አትጠይቁ፣ አታስረዱ፣ ዝም ብላችሁ እዩ። ሰዎቹ ማስታወሻ የሚይዙባትን ቁራጭ ወረቀት ተመልከቱ። እዚያች ወረቀት ላይ የሚጻፈው ሲስተሙ ቦታ ያልሰጠው ነገር ነው።

ሚያዝያ 2014 ላይ አሜሪካ ውስጥ የሆነውን እያንዳንዱ ፕሮግራመር ቢያውቀው ደስ ይለኛል። የ911 (የአገሪቱ የአደጋ ቁጥር) ጥሪ ወደየማዕከሉ የሚያደላድል አንድ ድርጅት ኮሎራዶ ውስጥ ሰርቨር ነበረው። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ጥሪ ተራ ቁጥር ይሰጣል። አንድ ሰው በአንድ ወቅት ለዚህ ቆጣሪ ጣሪያ አበጅቶለታል፤ 40 ሚሊዮን። ምን ያህል ትልቅ ቁጥር ነው! ማን ይደርስበታል? ተደረሰበት። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ጥሪ የሚሰጥ ቁጥር ስላልነበረ ጥሪው እዚያው ቀለጠ። ስድስት ሰዓት ያህል ቆየ። በሰባት ግዛቶች 81 ጥሪ ማዕከሎች ተነኩ። ከ6,600 በላይ ጥሪዎች ሳይደርሱ ቀሩ።

ማዕበል አልነበረም፣ መብራት አልጠፋም፣ ገመድ አልተቆረጠም። ማያሚ ውስጥ ደግሞ ሥራውን ሊረከብ የሚችል ጤነኛ መጠባበቂያ ነበር። ሰርቨሩ ግን መታመሙን አላወቀም፤ ስላላወቀም ሥራውን አላስረከበም። ማንቂያውስ? ጮኋል። ግን ዝቅተኛ ደረጃ ተሰጥቶት ስለነበር ቶሎ ዞር ብሎ ያየው የለም። ለማንቂያ ደረጃ ስትሰጡ ይህን አስቡ። ብዙ ጊዜ አርብ ማታ፣ ሥራ ልንጨርስ ስንል የምንሞላው ሳጥን ነው።

ወደ ፍርድ ቤት ልውሰዳችሁ። እዚህ ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የኮምፒውተር ወረቀት ፍርድ ቤት ሲገባ ግርማ ሞገስ ያገኛል። ሰው ምስክርን በመስቀለኛ ጥያቄ ያፋጥጣል። ሠንጠረዥን ማን ያፋጥጣል?

ዴንማርክ በ2019 ይህ ደርሶባታል። ከስልክ ኩባንያዎች የሚመጣውን ጥሬ ዳታ ፖሊስ ወደሚጠቀምበት መልክ የሚለውጥ ሶፍትዌር ነበር። ሶፍትዌሩ አንዳንድ ዳታ እያንጠባጠበ ኖሯል። አንዳንድ ስልኮችንም ካልነበሩበት ማማ ጋር የሚያገናኝ ስህተት ተገኘ። ከ10,000 በላይ መዝገቦች እንደገና እንዲመረመሩ ተደረገ። ለሁለት ወር የስልክ ቦታ ዳታ በማስረጃነት እንዳይቀርብ ታገደ። አገሪቱ ደፍራ «ቆዩ፣ አናውቅም» ማለቷን አደንቃለሁ። ብዙዎች ይህን አያደርጉም።

ያላደረጉት ደግሞ የእንግሊዙ ፖስታ ቤት ሰዎች ናቸው። ሆራይዘን የሚባለው፣ ፉጂትሱ የተባለ ኩባንያ የሠራው የሒሳብ ሲስተም ከ1999 ጀምሮ በቅርንጫፎች ተዘረጋ። በየቅርንጫፉ ገንዘብ ጎደለ ይል ጀመር። ጎደለ የተባለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከሲስተሙ ስህተት የመጣ ነበር። ፖስታ ቤቱ ግን ቅርንጫፎቹን ከሚያስተዳድሩት ሰዎች ብዙዎቹን ራሱ ከሰሰ። ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው። የታሰሩ አሉ፣ ቤታቸውን የሸጡ አሉ፣ ሕይወታቸውን ያጠፉም አሉ። የአገሪቱ ሕግ ደግሞ ተቃራኒው ካልታየ በቀር ኮምፒውተር በትክክል ይሠራል ብሎ ይነሳ ነበር። በ2019 አንድ ዳኛ ሲስተሙ ስህተት እንደነበረበት በፍርድ አረጋገጡ። በ2024 ደግሞ ፓርላማው የብዙዎቹን ፍርድ በአዋጅ ሰረዘ።

እኔን ዕንቅልፍ የሚነሳኝ አንድ ነገር ነው። ኩባንያው ውስጥ የታወቁ ስህተቶች መዝገብ ነበር። መሐንዲሶቹ ይጽፉበት ነበር፤ ሥራቸውን ሠርተዋል። የቅርንጫፎች ሒሳብ ውስጥ ከርቀት መግባት እንደሚቻልም የሚያውቁ ነበሩ። ተከሳሾቹ ግን ያንን መዝገብ ለዓመታት አላዩትም። ስለዚህ የጻፋችሁት ስህተት የት እንደሚቀመጥና ማን ሊያየው እንደሚችል መጠየቅ የእናንተም ሥራ ነው። «እሱ የሕግ ክፍል ጉዳይ ነው» የሚል መልስ ይሰጣችኋል። አትቀበሉት።

ለምስክርነት ከተጠራችሁ የምታውቁትን ብቻ ተናገሩ። «ስልኩ ከዚህ ማማ ጋር ተገናኝቷል» እና «ሰውየው እዚህ ነበር» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛውን አላያችሁም። ጠበቃው «እርግጠኛ ነህ?» ሲል ኩራት ይይዛችኋል። ኩራቱን ዋጥ አድርጉት። ከዚያ በፊት ያለው ዝግጅት አሰልቺ ነው፤ ግን እሱ ነው የሚያድናችሁ። ሰርቨሩ ሰዓቱን በየትኛው የሰዓት ክልል እንደሚጽፍ እወቁ። የሦስት ሰዓት ልዩነት አንድን ሰው ከቤቱ አንስቶ ወንጀል ቦታ ሊያስቀምጠው ይችላል። ዳታውን ስትቀዱ ሀሽ (ዳታው ከተነካካ የሚያሳብቅ፣ እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር) አስሉ፣ ማን መቼ እንደነካው ጻፉ፣ ዋናውን አትንኩ።

ማስጠንቀቂያ መጻፍ ብቻውን ግን አይበቃም። በ2020 አሜሪካ ውስጥ፣ ዲትሮይት ከተማ አጠገብ፣ አንድ ሰው የፊት መለያ ሶፍትዌር በሰጠው ውጤት ተነሥቶ ባልሠራው ስርቆት ቤተሰቡ ፊት ታሰረ። የሶፍትዌሩ ውጤት የቀረበበት ወረቀት ላይ ይህ የማንነት ማረጋገጫ እንዳልሆነና ለመያዝ በቂ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ተጽፎ ነበር። ማን አነበበው? የሚቸኩል ሰው ፎቶውን ነው የሚያየው። ስለዚህ ጥርጣሬውን ከታች በትንሽ ፊደል አታስቀምጡት። መርማሪው ሌላ ማስረጃ ሳይሞላ ወደሚቀጥለው ገጽ እንዳያልፍ አድርጉ። ይነጫነጫል። ይነጫነጭ።

አሁን ደግሞ ዳታ ስለ መስጠት። አንዳንዶቻችሁ ለፖሊስ ምንም አንሰጥም ባይ ናችሁ፤ ሌሎቻችሁ ማኅተም ካያችሁ ሁሉንም ትሰጣላችሁ። ሁለቱም ስንፍና ነው። የጠፋ ሕፃን የሚፈልግ መርማሪ የሚጠብቀው ደቂቃ አለው። ለዚህ ነው በብዙ አገሮች ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ የሚሰጥ የአስቸኳይ መረጃ አሠራር ያለው። ወንበዴዎችም ይህን በር አወቁት። የተጠለፈ የፖሊስ ኢሜይል እየተጠቀሙ የውሸት አስቸኳይ ጥያቄ ላኩ፤ በ2021 ትልልቅ ኩባንያዎች ሳይቀሩ ተታልለው የደንበኛ መረጃ እንደሰጡ ተዘግቧል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። ጥያቄው ሲመጣ ኢሜይሉ ላይ ባለው ቁጥር አትደውሉ። ቀድሞ በእጃችሁ ባለው ቁጥር ወደ መሥሪያ ቤቱ ደውላችሁ አረጋግጡ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ይህ የሚሆነው ግን ቁጥሩን ቀድማችሁ ከያዛችሁ፣ ከሰዎቹም ጋር ቀድማችሁ ከተዋወቃችሁ ነው። በአደጋ ሌሊት ትውውቅ አይጀመርም።

ከሁሉ በፊት ደግሞ የማያስፈልጋችሁን አትሰብስቡ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 በወሰነው አንድ ጉዳይ ፖሊስ የአንድን ተጠርጣሪ የ127 ቀን የስልክ ቦታ ወስዶ ነበር፤ 12,898 ነጥብ። ዳኞቹ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለዚህ የብርበራ ማዘዣ ያስፈልጋል አሉ። ጉግል ደግሞ በ2023 መጨረሻ የሰዎችን የቦታ ታሪክ ከራሱ ሰርቨር ወደየስልካቸው እንደሚያወርድ አስታወቀ። በአንድ አካባቢ ያለፈውን ሰው ሁሉ ስጡኝ የሚል ትዕዛዝ ቢመጣ የሚሰጠው አይኖርም ማለት ነው። ከሌለ ከየት ይመጣል? አንዳንድ መርማሪ ወዳጆቼ በዚህ ተናደዋል። እውነት አላቸው፤ የተፈቱላቸው ከባድ መዝገቦች ነበሩ። እኔ ግን ውሳኔው ልክ ነው እላለሁ። አንድ ወንጀለኛ ለማግኘት መንገደኛውን ሁሉ ተጠርጣሪ የሚያደርግ መረብ እንዲዘረጋ አልፈልግም።

የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ውል ጠረጴዛችሁ ላይ ሲመጣ ደመወዙን ካያችሁ በኋላ ሁለት ነገር ፈልጉ። ስህተት ሲገኝ ለማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ይነገራል? ሲስተሙ ሲወድቅ ሥራው በምን ይቀጥላል፣ በወረቀትስ ከሆነ ወረቀቱ የት ነው ያለው? አለቃችሁ መልስ ከሌለው ጥያቄውን በኢሜይል ላኩለት። ቀን ይኑረው። ቅጂውንም ያዙ።