ለቡችላህ ውሃ ልከልክለው ወይ ላልከው፤ ከታገሺ ጋር ያየሁትን ልንገርህ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የ10 ሳምንት ወንድ ቡችላ አምጥተሃል፤ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነህ፤ ጠዋት ሳህኑን በውሃ ሞልተህለት ሥራ ትሄዳለህ፤ ማታ ስትገባ ሳሎኑ ኩሬ ሆኖ ይጠብቅሃል። ጓደኛህ ደግሞ "ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ውሃ አታሳየው፣ በሳምንት ይማራል" ብሎሃል፤ አንተም "ይጎዳዋል ወይ?" ብለሃል። አዎ፣ ይጎዳዋል። ሽንቱን የት እንደሚሸናም አይማርበትም። ይህን የምልህ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ አይደለም። ያንኑ ምክር ሰምቼ፣ ያንኑ አድርጌ፣ ሌሊት ወለል ስወለውል ያደርኩ ሰው ነኝ።

የኔዋ ሴት ናት። ስሟን ያወጣችላት እናቴ ናት፤ "ታገሺ" አለቻት። ለውሻዋ ይሁን ለእኔ እስከዛሬ አልነገረችኝም። በ9 ሳምንቷ ነው የመጣችው፤ እኛ ደግሞ ሊፍት የሌለው ብሎክ 4ኛ ፎቅ ላይ ነን።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጎረቤታችን፣ ውሻ አሳድጌአለሁ የሚል ሰው፣ "ውሃ ቀንሺባት" አለኝ። 9 ሰዓት ላይ ሳህኗን አነሳሁ። 12 ሰዓት ላይ ራቷን በላች፤ ከሱፐርማርኬት የተገዛ ደረቅ የውሻ ምግብ ነበር። ከዚያ በኋላ ሳህኑ ይቀመጥ የነበረበትን ሴራሚክ ትልሳለች፣ ቀና ብላ ታየኛለች፣ ደግሞ ትልሳለች። ጨክኜ ተኛሁ። ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ የሆነ ድምፅ ሰምቼ ብነሳ፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ የመወልወያው ባልዲ ውስጥ አንገቷን ደፍታ የሳሙና ውሃ ትጠጣለች። ያን ሌሊት ሦስት ጊዜ አስመለሰች፤ ሽንቷንም ፍራሼ ጥግ ላይ ለቀቀችው። የቀረ ነገር አልነበረም።

በኋላ ሐኪሟ ስታስረዳኝ ነው ነገሩ የገባኝ። የቡችላ ፊኛ ትንሽ ነው፣ ኩላሊቱም እንደ ትልቅ ውሻ ውሃ ቆጥቦ መያዝ ገና አልቻለም። ስለዚህ ውሃ ስትከለክለውም ይሸናል፤ ልዩነቱ ሰውነቱ እየደረቀ መሆኑ ነው። ደግሞ የተጠማ ቡችላ ውሃ ያገኘ ጊዜ "ነገ ላይኖር ይችላል" ብሎ ነው የሚጠጣው። ሆዱ እስኪነፋ ይጨልጠዋል፣ ያ ሁሉ ደግሞ ባንድ ጊዜ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ ሳህኑ ያልተነሳበት ቡችላ ግን ትንሽ ትንሽ ይጎነጫል፣ ትንሽ ትንሽ ይሸናል፤ ሰዓቱን ለመገመት ይመቻል። ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰዓቱን ካወቅክ ከሽንቱ ቀድመህ ትደርሳለህ።

መጀመሪያ ግን ምን ያህል እንደሚጠጣ እወቅ። ክብደቱን ለካ። መንገድ ላይ ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋ ሄጄ አንድ ጊዜ ታገሺን ታቅፌ፣ አንድ ጊዜ ብቻዬን ቆምኩ፤ ልጁ ሁለቱንም አስከፈለኝ፣ ተሳስቀን ተለያየን። ልዩነቱ 4 ኪሎ ሆነ። ለቡችላ በቀን በኪሎ ከ60 እስከ 100 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው የሚታሰበው፤ ስለዚህ ለ4 ኪሎዋ ከ240 እስከ 400 ሚሊ። ከአንድ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያነሰ ማለት ነው! ሙቀት ካለ፣ ብዙ ከተጫወተች ወይም ደረቅ ምግብ ከበላች ወደ ላይኛው ቁጥር ትጠጋለች። ከሉካንዳ ሳንባ ገዝተህ ከሩዝ ጋር እየቀቀልክ የምትሰጠው ከሆነ ግን ከሳህኑ ብዙም ላይጠጣ ይችላል፤ ውሃውን ከምግቡ አግኝቶታል፣ ሽንቱ ግን ያው ነው። "ዛሬ እኮ አልጠጣም፣ ከየት አመጣው?" ብለህ እንዳትገረም።

እኔ ጠዋት ሃይላንዱን ሞልቼ በእስክሪፕቶ ምልክት አድርጌ ከእሱ ብቻ ነበር የምቀዳላት። ማታ ስንት እንደቀረ አያለሁ። ይህን የማደርገው ልቀንስባት አይደለም፤ ሃይላንዱ ቢያልቅና ብትፈልግ እጨምርላታለሁ። የተለመደው ልኳ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ነው፤ በኋላ ጠቅሞኛል፣ እነግርሃለሁ።

እዚህ ላይ የኛን አገር ቤት የሚያውቅ ብቻ የሚገባው ነገር አለ። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው። በመጣ ቀን ባልዲውም ሳፋውም ጄሪካኑም ይሞላል፣ ቤቱ የውሃ መጋዘን ይመስላል። አንተ ሳህኑን አንስተህ "ከልክያለሁ" ስትል እሱ ከሳፋው ይጠጣል፤ ልክህ ሁሉ ውሸት ይሆናል። በዚያ ላይ ትንሽ ቡችላ የሞላ ሳፋ ውስጥ ቢገባ መውጣት ሊያቅተው ይችላል። በረኪና የነካው ባልዲም አለ። ክዳን የሌለውን ሁሉ ክደን፣ መታጠቢያ ቤቱን ዝጋ። ይህን ካላደረግክ የቀረው ምክሬ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ለአራት ቀን በልጅ ደብተር ላይ ጻፍኩ፤ መቼ ጠጣች፣ መቼ በላች፣ መቼ ነቃች፣ መቼ ሸናች። እህቴ "ለውሻ ደብተር ገዛሽላት" ብላ ሳቀችብኝ። በአራተኛው ቀን ግን ነገሩ ቁልጭ አለ። ከእንቅልፍ ስትነቃ ወዲያው ትሸናለች፣ ዐይኗን ሳትገልጥ ማለት ይቻላል። ጠግባ ከጠጣች ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ከበላች ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ። ስትጫወት ቆይታ በድንገት ጨዋታውን ትታ ወለሉን እያሸተተች ክብ መዞር ከጀመረች፣ ደረጃውን ለመውረድ የቀረህ ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። አንዴ ታቅፌአት ስሮጥ 2ኛ ፎቅ ላይ ደረታችን ሞቀ። የለበስኩት ለሠርግ ያወጣሁት ቀሚስ ነበር።

ስለዚህ ቀን ላይ ውሃው ሁሌ ይኑር፤ አንተ ግን ሲጠጣ ሰዓትህን እያየህ፣ 15 ደቂቃ ሲሞላ ሳይጠይቅህ ውሰደው። የሸና እንደሆነ እዚያው፣ ገና ሳይንቀሳቀስ፣ አንዲት ቁራሽ የተቀቀለ ሥጋ ስጠውና አሞግሰው። ቤት ገብተህ ብትሰጠው ቤት በመግባቱ የተሸለመ ነው የሚመስለው። ቤት ውስጥ ከሸና ደግሞ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት የሚባለውን ተወው። የሚማረው አንተ እያየህ አለመሽናትን ነው፤ ከዚያ ሶፋ ሥር ገብቶ መሽናት ይጀምርልሃል።

ማታ ላይ ብቻ ነው ትንሽ መቆጣጠር ያለው፤ የጓደኛህ ምክር የተምታታውም ከዚህ ጋር ይመስለኛል። እኛ እንዲህ ነበር የምናደርገው፦ ራት 12 ሰዓት፣ ከራት በኋላ እስኪበቃት ውሃ፣ ሳህኑ የሚነሳው ማታ 2 ሰዓት፣ የመጨረሻው መውጫ 4 ሰዓት ላይ። ከመተኛት በፊት ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ አይበልጥም። በመሃል ተጫውታ ካለከለከች ወይም ሳህኑን ከፈለገች ሁለት ሦስት ጉንጭ እሰጣት ነበር፤ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ካለም አንዲት ፍሬ እየላሰች ትረካለች። ስልኬን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንዲጮህ እሞላና መብራት ሳላበራ፣ ሳላጫውት፣ አሸንቻት እመልሳታለሁ። ቤት ውስጥ ሳትሸና ስታድር በየሦስት አራት ቀኑ ደወሉን በግማሽ ሰዓት አራዘምኩት። አራት ወር ሊሞላት ሲል እስከ ንጋት 12 ሰዓት መተኛት ጀመርን።

የት ታሸናዋለህ የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ክትባቱ ያላለቀ ቡችላ የሰፈር ውሾች የሚሸኑበትና የሚጸዳዱበት መሬት ላይ መቀመጥ የለበትም። ፓርቮ የሚባለው ቡችላ የሚገድል የአንጀት ቫይረስ አፈር ላይ ለብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ የመጨረሻው የፓርቮ ክትባት ደግሞ 16 ሳምንት ገደማ ላይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም ሦስት ወር ሲሞላው እንዳትረሳ። እኔ መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ነበር የማወርዳት፤ ሐኪሟ ስትቆጣኝ በረንዳ ላይ ዝቅ ያለ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አፈር አድርጌ፣ ከላይ ሣር እያለበስኩ እዚያ አስለመድኳት። በአሥር ቀን ገባት። ሣር አሸተተች ማለት ሸናች ማለት ሆነ። ኮራሁ።

ከዚያ እንቁጣጣሽ መጣ። እናቴ በጠዋት ቄጤማውን ሳሎን ውስጥ ጎዝጉዛ፣ ረከቦቱን ደርድራ፣ እጣኑን አጭሳ እንግዶች ተቀመጡ። ታገሺ ከመኝታ ቤት ወጣች፣ ቄጤማውን አሸተተች፣ በደስታ ጅራቷን እየቆላች መሃል ላይ ሄዳ ዘፍ አለችበት። ሸንታም ቀና ብላ ሥጋዋን ጠበቀችኝ! ምን ትላታለህ? ያስተማርኳትን ነው ያደረገችው። ቡችላ በዚህ ዕድሜው እግሩ የለመደውን ነገር አይረሳም፤ ስለዚህ ቤትህ ውስጥ የማይነጠፍ ነገር ምረጥ። ለበዓል ቄጤማ የምትጎዘጉዙ ከሆነ ሣሩን ትተህ አፈሩን ብቻ አድርግ።

አሁን ያ የሃይላንድ ምልክት የጠቀመኝን ልንገርህ። አምስተኛ ወሯ ላይ፣ ለሳምንታት ንጹሕ ሆና ከቆየች በኋላ፣ በድንገት እንደ አዲስ ቤት ውስጥ መሽናት ጀመረች። በየአሥር ደቂቃው ቁጢጥ ትላለች፣ የሚወጣው ጠብታ ነው፣ እሱኑ መላልሳ ትልሳለች። እኔ ጅል "ረሳችው" ብዬ እንደገና ውሃ ቀነስኩባት። አንድ ቀን ሙሉ። በማግስቱ ጠብታው ሮዝ ሆኖ ሳየው ተሸክሜአት ሮጥኩ። የፊኛ ኢንፌክሽን ነው፤ በሴቶቹ ላይ ይበዛል። ሐኪሟ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "በቀን ስንት ትጠጣለች?" ነበር፤ ቁጥሩን ከነደብተሩ ሰጠኋት። መድኃኒት አዘዘችላት፤ ውሃ መቀነሴን ስነግራት ግን ፊቷን አልረሳውም። ፊኛውን የሚያጥበው እኮ ውሃው ነው። የነጠቅኳት መድኃኒቷን ነበር።

ስለዚህ ያንተም ልጅ ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ ከሸና፣ ሲሸና ካቃሰተ፣ ደም ካየህ፣ ወይም የሚጠጣው ያለ ምክንያት ከልኩ እጥፍ ከሆነ፣ ይህ የሥልጠና ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ጋ ውሰደው። ካስመለሰው ወይም ተቅማጥ ከያዘውማ ውሃ መከልከል ጭራሽ አይታሰብም፤ ያኑ ቀን ሐኪም ይየው። የቡችላ ሰውነት በአንድ ቀን ይደርቃል። የጀርባውን ቆዳ በሁለት ጣት ሳብ አድርገህ ስትለቀው ቶሎ ካልተመለሰ፣ ድዱም ከደረቀና ከተጣበቀ፣ እስከ ነገ አትጠብቅ።

ምግቡን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። የተረፈ ወጥ አትስጠው። ጨው ያስጠማዋል፣ ጠጥቶ ያጥለቀልቅሃል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርቱ ደግሞ የውሻን ደም ይጎዳል። የላም ወተትም ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል።

ስለ ሥራህ እውነቱን ልንገርህ። ዋናው ችግርህ ውሃው አይመስለኝም። ቡችላ ቀን ላይ ሽንቱን መያዝ የሚችለው በወር ዕድሜው ላይ አንድ ደምረህ የሚገኘውን ሰዓት ያህል ነው ይላሉ፤ የአንተው ሦስት ሰዓት ተኩል ቢችል ነው፣ ያውም ተኝቶ ከሆነ። ጠዋት 2 ሰዓት ወጥተህ 12 ሰዓት ብትገባ 10 ሰዓት ነው፤ ውሃ ቢጠጣም ባይጠጣም መሽናቱ አይቀርም። እኔ ታች ፎቅ ላሉት ሰዎች ልጅ፣ ግማሽ ቀን ለሚማረው፣ የኪስ ገንዘብ እየሰጠሁ 5 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ እየመጣ ያወጣት ነበር። ሰው ካጣህ ወጥ ቤቱን ወይም በረንዳውን በጣውላ ከልለህ፣ ባንዱ ጥግ መኝታውንና ውሃውን፣ በሌላው ጥግ የአፈር ሳፋውን አድርግለት። ሳሎኑን ሙሉ አትስጠው፤ ገና አላወቀበትም።

የሸናበትን ቦታ በበረኪና አትወልውል። ሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ተገናኝቶ ለሳንባ መጥፎ የሆነ ጋዝ ያወጣል፣ ለእሱ አፍንጫም ሽታው አይጠፋለትም። አቼቶና ውሃ እኩል እኩል ቀላቅለህ አርጥበው፣ አሥር ደቂቃ ቆይተህ አድርቀው።

ነገ ክብደቱን ለካና እዚሁ ጻፍልኝ፤ ምን እንደሚበላም ጨምርበት፤ ልኩን አብረን እናሰላዋለን። ሳፋዎቹን ግን ዛሬ ማታ ክደናቸው።